በርጫ የማይቀመጠው ሻጭ

ሐረር ላይ ዋጋ አይነገርም፤ ይወራል። ጁገል ውስጥ ገብታችሁ «ይኼ ስንት ነው?» ብትሉ የሚሰጣችሁ ቁጥር የወሬው መክፈቻ እንጂ የዕቃው ዋጋ አይደለም። ሻጩ ቁጥሩን ሲጠራ ገዥው ይስቃል። ገዥው ሲስቅ ሻጩ «ወላሂ እኔ ራሴ በዚያ አልገዛሁትም» ይላል። ገዥው ኩርፍ ብሎ ሁለት እርምጃ ይራመዳል፤ ሻጩ «አቦ ና እንጂ፣ የት ነው የምትሄደው!» ብሎ ይመልሰዋል። በመሐል የልጆች ጤና ይጠየቃል፣ ስለ ውኃ መጥፋት ይወራል፣ የጋራ ዘመድ ይፈለጋል። የጁገል ግንብ ያቀፈው መሬት በጠቅላላው 48 ሄክታር ነው፤ በዚህ ስፋት ውስጥ የጋራ ዘመድ ያጣ ሰው በደንብ አልፈለገም ማለት ነው። በመጨረሻ ዋጋው ይቆረጣል፣ ዕቃው ይጠቀለላል፣ በላዩ ላይ ምራቂ ይጨመራል። ሁለቱም «ተበላሁ» እያሉ፣ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ።

እንዲህ ባለው ገበያ መሐል ነው እንግዲህ ማሽኑ የመጣው።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ1999 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 139 የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ መጠቀምን ግዴታ አደረገ። ነገሩ አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ እያደር ወደየክልሉ ወጣ። በደንቡ ላይ ያለው ስም ረጅም ስለሆነ ሰዉ «የቫት ማሽን» ብሎ አሳጠረው። ማሽኑ ሆዱ ውስጥ አንዴ የጻፈውን የማይለቅ ማኅደር አለው። ሲም ካርድም ስላለው የቀኑን ሽያጭ ድምር በኔትወርክ ለግብር ሰብሳቢው ይልካል። ማታ ላይ «ዜድ ሪፖርት» የሚባል ጠባብ ወረቀት ያወጣል፤ በዚያ ቀኑ ይዘጋል፣ ተመልሶም አይከፈትም። የተነገረውን ዋጋ ይቀበላል እንጂ አይከራከርም። ምራቂ የሚባል ነገር አያውቅም። ስለ ልጆቻችሁም አይጠይቅም።

እኔ የምተዳደረው የነጋዴ ሒሳብ መዝገብ በመያዝ ነው። አገሬ ሶፊ ነው፤ ከሐረሪ ክልል 3 የገጠር ወረዳዎች አንዱ። ጠዋት ጠዋት ለውዝና ጫት ይዘው ወደ ከተማ ከሚገቡት ጋር ተሳፍሬ እመጣለሁ፤ እነሱ ወደ ገበያቸው፣ እኔ ወደ ደረሰኝ ክምሬ። ከደንበኞቼ አንዱ መኪና ግርግር ላይ ጨርቅ የሚሸጡ ሀጂ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ግብር ሰብሳቢው ገቢዎችም ማንበብ ይችላል። ሱቃቸው የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ግራና ቀኝ ከሚንጫጫበት ጠባብ መንገድ ላይ ስለሆነ የቫት ማሽኑ «ጭርር» ሲል የሚሰማው ያለ አይመስልም። ሀጂ ግን ይሰማሉ። «ያቺ ድምፅ እዚህ ነው የምትሰማኝ» ብለው ኪሳቸውን ያሳያሉ።

አንድ ጠዋት መዝገብ ይዤ ጥግ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ ጨርቅ ሊገዙ ገቡ። ዋጋው ከ1,800 ብር ተነሣ። ሳቅ፣ ኩርፊያ፣ ወደ በሩ መራመድ፣ መጠራት፣ የጋራ ዘመድ፤ አንዱም ሳይዘለል ተደረገ። ግማሽ ሰዓት ፈጅቶ 1,350 ላይ ቆመ። ሀጂ ጨርቁን እየጠቀለሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንድ ዓይናቸውን በሩ ላይ ጥለው፣ የዘመኑን ጥያቄ ጠየቁ፦

«በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«በደረሰኝ ከሆነ ቫት ይጨመርበታል። 1,552 ብር ከ50።»

ሴትዮዋ ጨርቁን ለቀቁት። «ሀጂ፣ ከእርስዎ ጋር ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተከራክሬ 450 ብር አስቀነስኩ። ይሄ መንግሥት የሚባለው አንድም ቃል ሳይከራከር 202 ብር ከ50 ሊወስድ ነው? ከፈለገ ይምጣና ይከራከረኝ!»

እኔ ጣራ ጣራውን አየሁ። ሀጂም ወደ እኔ አዩና፣ ወደ በሩ አዩና፣ ከዚያ ብዙው የአገራችን ነጋዴ የሚያደርገውን አደረጉ።

ብዙዎቻችን ከማሽኑ ጋር መኖር የተማርነው በዚህ መንገድ ነው። ማሽኑ ሁለት ዋጋ የፈጠረ መሰለን፤ አንዱ በደረሰኝ፣ ሌላው ያለ ደረሰኝ። የማያውቁት ሰው ሲገባ ማሽኑ ይሠራል፤ የሚያውቁት ሲገባ ያርፋል። የማይታወቅ ሰው ተቆጣጣሪ ሊሆን ይችላላ! በ2008 የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ደረሰኝ ላልቆረጠ ሰው ለእያንዳንዱ ግብይት 50 ሺህ ብር ቅጣት አስቀምጦ ነበር። በዚህ ምክንያት ጁገል ውስጥ ደረሰኝ በመሰብሰብ ፈረንጅን የሚያህል የለም። የፈረንሳዊውን ባለቅኔ የራንቦን ቤት ጎብኝቶ የወጣ ሁሉ ለአንዲት ሻሽ፣ ለአንዲት ሙዳይ ደረሰኝ ይዞ ይሄዳል። ሐረር ውስጥ ተወልዶ 60 ዓመት የሸመተ ሰው ግን ቤቱ ቢፈተሽ ሁለት ደረሰኝ አይገኝበትም። ከዚህ ከተማ ነዋሪዎች ደረሰኝ ጠይቀው የማያውቁት ጅቦቹ ብቻ ይመስሉኝ ነበር፤ ለካ ብዙ ነን።

ደረሰኝ መሰብሰቡም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። የማሽኑ ወረቀት በቀለም አይጻፍበትም፤ በሙቀት ነው የሚጻፍበት። በሙቀት የተጻፈ ደግሞ በሙቀት ይበላሻል። ከድሬዳዋ ዕቃ የጫነ ሾፌር ደረሰኙን መስታወቱ ሥር ወርውሮት ደንገጎን እስኪወጣ ድረስ ወረቀቱ ጠቁሮ ቁጭ ይላል። መሳቢያ ውስጥ የከረመው ደግሞ በተቃራኒው ነጥቶ ይገኛል። ኦዲተር መጥቶ «የግዥ ደረሰኝህ የታለ?» ሲል ነጋዴው ባዶ ወረቀት ይዞ «ይኸው፣ እዚህ ጋ ተጽፎ ነበር» ይላል። መፍትሔው ደረሰኙን እንደተቀበሉ ፎቶ ኮፒ ማስነሣት ሆነ። ስለዚህ ማሽኑ ከመጣ ወዲህ መጀመሪያ የከበረው መንግሥት አይደለም፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው።

ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ቀጥሎ የከበረው ኢንተርኔት ቤቱ ነው። ግብር ማሳወቂያው ኢ-ታክስ ሆኖ በኢንተርኔት ሲመጣ «ከእንግዲህ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ታሳውቃላችሁ» ተባለ። ነጋዴው ግን ቤቱ ሲቀመጥ ሌላ ሥራ አለው። የይለፍ ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ለኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ይሰጣል፤ ልጁም ደብተሩ ላይ ይገለብጠዋል። አሁን የሰፈሩ ነጋዴ ሁሉ ምስጢር በአንድ የ20 ዓመት ልጅ የሉክ ደብተር ላይ ነው። ደብተሩ ላይ ሻይ ከፈሰሰበት የወሩ ግብር አይገባም። ልጁ ሠርግ ከሄደ የወሩ ግብር አይገባም። መንግሥት ለሥርዓቱ ደኅንነት ስንት ገንዘብ እንዳወጣ እንጃ እንጂ ጠባቂው ይህ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ሀጂ ልመለስ።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ሀጂ ጫታቸውን ይዘው በርጫ ይቀመጣሉ። ይህ የማይናወጥ ነገር ነው። ሱቁ ላይ የእህታቸው ልጅ ይቀራል። ሀጂ ምሽት ላይ መጥተው «ዛሬ ከሰዓት እንዴት ነበር?» ሲሉ ልጁ ሁልጊዜ አንድ መልስ አለው፦ «ቀዝቅዟል፣ አባቴ።» ለዓመታት ጠዋት ጠዋት ገበያው ይሞቃል፤ ከሰዓት ይቀዘቅዛል። ሀጂ ይህን የአየር ጠባይ ነው ብለው ተቀብለውት ነበር።

አንድ ቀን የዜድ ሪፖርቱን ወረቀት እያሳየሁ ከላይ እስከ ታች ምን ማለት እንደሆነ አስረዳኋቸው፤ ስንት ደረሰኝ እንደወጣ፣ ድምሩ ስንት እንደሆነ። ቀኑን ሳይዘጉ በየመሐሉ እስከዚያ ሰዓት የተሸጠውን የሚያሳይ «ኤክስ ሪፖርት» የሚባል ወንድም እንዳለውም ነገርኳቸው። ሀጂ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «እና እኔ በሌለሁበት የተሸጠውም እዚህ ላይ ይወጣል?» አሉ። «ከተመታ ይወጣል» አልኳቸው። በማግስቱ ለልጁ ትእዛዝ ሰጡ፦ ከዙሁር በኋላ የሚሸጠው ሁሉ፣ አንዲት መቀነትም ብትሆን፣ ማሽን ላይ ትመታ!

ወር ሳይሞላ ገበያው ከሰዓት በኋላ እንደሚሞቅ ታወቀ። ያውም ከጠዋቱ ይበልጥ! ሀጂ ለዓመታት የቀዘቀዘባቸው ገበያው ሳይሆን የልጁ አንደበት ነበር።

ይህ ለእኛ አዲስ ቢመስልም የማሽኑ ጥንተ ነገር ይኸው ነው። የመጀመሪያውን የሽያጭ ማሽን የፈለሰፈው መንግሥት አይደለም፤ ጄምስ ሪቲ የሚባል፣ ኦሃዮ ውስጥ ዴይተን በምትባል ከተማ የሚኖር የመጠጥ ቤት ባለቤት ነው። አሳላፊዎቹ የሽያጩን ገንዘብ እየቀነሱ አስቸገሩት። በመርከብ ወደ አውሮፓ ሲሄድ የመርከቡ መዘውር ስንት ጊዜ እንደዞረ የሚቆጥር መሣሪያ አየና «ይህ መዘውር ከቆጠረ ብርም ይቆጥራል» ብሎ ተመለሰ። በአውሮፓውያን 1879 የባለቤትነት ፈቃድ አወጣበት፤ ስሙንም «ሙስና የማይነካው ገንዘብ ያዥ» አለው። በዚያን ጊዜ ሐረር በግብፆች እጅ ነበረች። ማሽኑ እስኪደርሰን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ፤ የሀጂ እህት ልጅ ግን ያን ሁሉ ዘመን ሳያባክን የሪቲን አሳላፊዎች ዘዴ በራሱ ደርሶበታል።

እንዲያውም አልፏቸዋል። ማሽኑ እንዳጋለጠው ሲያይ እሱም ከሁኔታው ጋር ተስማማ። አንድ ገዥ ቀለሙ የለቀቀ ጨርቅ ይዞ ሊመልስ መጣ። ሀጂ «ደረሰኝ?» አሉ። ሰውዬው «ደረሰኝማ የለኝም፤ ያ ልጅ ‹በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?› ብሎ ሲጠይቀኝ ያለ ደረሰኝ አልኩት» አለ።

ሀጂ ሲቆጡ እንደዚያ ቀን አይቻቸው አላውቅም። «ሌባ! ያለ ደረሰኝ ይሸጣል! በእኔ ሱቅ! በዚህ ባንኮኒ ላይ!» እያሉ ከሱቁ ወጥተው ለልብስ ሰፊዎቹ አቤት አሉ። ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን አቁመው «ወይ ጉድ! ያለ ደረሰኝ?» አሉ። እኔ አሁንም ጣራ ጣራውን አየሁ። ያ ጣራ ስንት ነገር አይቷል!

ደንቡ በየሱቁ እንዲለጠፍ የሚያዝዘው ማስታወቂያ አለ፤ ገዥው ደረሰኝ ካልተሰጠው እንዳይከፍል የሚነግር። የሀጂው እስከዚያ ቀን ድረስ ከጨርቅ ጥቅል ጀርባ ነበር፤ ሊያየው የሚችለው የግድግዳ እንሽላሊት ብቻ ነው። በማግስቱ ስመጣ ሀጂ ራሳቸው በትልልቅ ፊደል አስጽፈው በሩ ላይ ሰቅለውታል። መንግሥት ካዘዘው መጠን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ከሥሩም በራሳቸው ወጪ አንድ መስመር አስጨምረዋል፦ «በተለይ ከሰዓት በኋላ።»

በዚያን ጊዜ ነው ደፍሬ የነገርኳቸው። «ሀጂ፣ መንግሥት እኮ ዘለዓለም በርጫ ላይ ያለ ባለሱቅ ማለት ነው። ከሱቁ 15 በመቶ ድርሻ አለው፤ ግን ባንኮኒው ላይ የለም። ማታ መጥቶ ‹እንዴት ነበር?› ሲል ሁላችንም ‹ቀዝቅዟል፣ አባቴ› ነው የምንለው።» ሀጂ ለረጅም ጊዜ አዩኝና «ሒሳብህን ሥራ» አሉኝ። ያቺን ሰሞን ግን ጠዋትም ማሽኑ «ጭርር» ሲል እሰማ ነበር።

በማሽኑ የተማረረ ሰው ማሽን የሌለው ነጋዴ የደረሰበትን አይርሳ። በ2009 ክረምት «የቀን ገቢ ግምት» የሚባል ነገር መጥቶ ነበር። መዝገብ የማይዘው አነስተኛ ነጋዴ በቀን ምን ያህል እንደሚሸጥ በሰው ግምት ተቆረጠለት። ግምቱ ከፍ ብሎ ያገኘው ጮኸ፤ በዚያ ሐምሌ በኦሮሚያ በርካታ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። ገማች ሲመጣ የነጋዴው ዘዴ መደርደሪያውን ማራቆት፣ ያረጀ ሸሚዝ መልበስና ልጆቹን ባንኮኒው አጠገብ መደርደር ነው። የገማቹ ዘዴ ደግሞ ያየውን ሁሉ አለማመን ነው። ሁለት የማይተማመኑ ሰዎች በሦስተኛ ቁጥር ይለያያሉ፤ ቁጥሩም ከማናቸውም እውነት ጋር ዝምድና የለውም። ማሽን ቢያንስ ሸሚዛችሁን አይቶ አይገምትም። አሁን ደግሞ በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ «ሐ» የሚባለውን የግብር ከፋይ ደረጃ አስቀርቶ «ሀ» እና «ለ»ን ብቻ ተወ። መኪና ግርግር ላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች የየራሳቸውን ፊደል እየጠየቁ ናቸው።

ገንዘቡም ከወረቀት ወደ ስልክ ተዛወረ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ ጫት ሻጯም፣ ለውዝ ቸርቻሪዋም ስልኳን ዘርግታ ነው የምትቀበለው። ብሩ በስልክ ከሄደ አሻራው ይቀራል፤ አሻራውን ያየ መርማሪ «የዚህ ሁሉ ገቢ ደረሰኝ የታል?» ሊል ይችላል። ለዚህም ዘዴ ተገኘለት። አንድ የማውቀው ሱቅ ግድግዳው ላይ አምስት የስልክ ቁጥር ለጥፏል፤ አንዱም የባለሱቁ አይደለም። የሚስቱ፣ የእህቱ፣ ድሬዳዋ ያለው አማቹ፣ ጅጅጋ ያለችው አክስቱ፣ አምስተኛው ማን እንደሆነ እሱም ዘንግቶታል። የቀኑ ሽያጭ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ላይ ተበትኖ ያድራል። ሲመሽ ባለሱቁ ስልክ ይዞ ገንዘቡን ይሰበስባል፦ «አንቺ፣ ያቺ 3,000 ገባች? አንተ፣ የቅድሙ ደረሰህ?» ከሰሞኑ የአማቹ ስልክ አይነሣም። ባለሱቁ ለመንግሥት 15 በመቶ ላለመስጠት ብሎ ለአማቹ መቶ በመቶውን ሰጠ። ክስ እንዳይመሠርት፣ ገንዘቡ በመዝገብ የለም።

የእኔን አገር ሰዎች ደግሞ ማሽኑ በሌላ በር ነው ያገኛቸው። የሶፊ ገበሬ ማሽን የለውም፣ ደረሰኝም አይቆርጥም። ከእሱ ለውዝ የሚገዛው ነጋዴ ግን ግዥውን በሰነድ ካላስደገፈ ወጪው እንደ ወጪ አይያዝለትም፤ የሸጠው ሁሉ ትርፍ ተብሎ ግብር ይቆረጥበታል። ስለዚህ የግዥ ቫውቸር አዘጋጅቶ ገበሬውን ያስፈርማል፤ ስም፣ አድራሻ፣ መታወቂያ ቁጥር፣ ፊርማ። አንድ ሽማግሌ ሁለት ኩንታል ለውዝ አምጥተው ይህ ሁሉ ሲዘረዘርላቸው ብዙ ካሰቡ በኋላ ጠየቁ፦

«ልጄ፣ የምትገዙት ለውዙን ነው እኔን?»

ፈርሙ የተባለ ገበሬ ይፈራል፤ ፊርማ ዕዳ ነው፣ ፊርማ መሬት ነው፣ ፊርማ ፍርድ ቤት ነው። ለዚህም የገበያው ሊቃውንት መፍትሔ አበጁ። መታወቂያ ያለው፣ ፊርማ የማይፈራ አንድ ገበሬ ይፈለጋል፤ የሁሉም ለውዝ በእሱ ስም ይገባል። የአንድ ለውዝ ነጋዴ መዝገብ እኔ ዘንድ ሲመጣ አገላብጬ ሳየው አንድ የሰፈሬ ሰው ስም ገጽ በገጽ ሞልቶታል። ሰውዬውን አውቀዋለሁ፤ አንድ ጥማድ የማይሞላ መሬትና ሁለት ፍየል ነው ያለው። በወረቀት ግን ከሶፊ እስከ ባቢሌ የሚበቅለው ለውዝ ሁሉ የእሱ ነው። ለነጋዴው «ይህ ሰው በዚህ ከቀጠለ ግብር ከፋይ ብቻ ሳይሆን ባለፋብሪካ መባሉ አይቀርም» ብዬ ከዚያ ወዲህ ያለውን ግዥ በየባለቤቱ ስም እንዲያደርግ አደረግሁ። ወሬው ለሰውዬው ሲደርሰው ያዘነው በመዝገቡ አልነበረም። «እንደዚያ ሀብታም ስሆን አንድም ቀን ሳትነግሩኝ!» አለ።

እስካሁን በነጋዴው ሳቅሁ። ከባንኮኒው ወዲያ ማዶ ያለውንም እንየው። የነጋዴ ማሽን ሲበላሽ ሕጉ ፋታ አይሰጥም። ወዲያውኑ ለግብር ሰብሳቢውም ለጥገና ማዕከሉም ማሳወቅ አለበት፤ ባለሙያው እስኪመጣ ድረስም በተፈቀደለት የእጅ ደረሰኝ ይሸጣል። ከጥገና ድርጅቱ ጋር ውል አለው፣ ዓመታዊ ምርመራ አለው፣ ሮል ወረቀት አለው፤ ሁሉም ገንዘብ ነው። የእጅ ደረሰኙም በቅርቡ ኪው አር ኮድ ታትሞበት መጥቷል። የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ሲቆም ግን ለማን ይነገራል? ሐምሌ በሚዘንበው ዝናብ ግብር ሊያሳውቅ ከማለዳ የተሰለፈ ሰው መስኮቱ ጋ ሲደርስ የሚሰማት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ሲስተም የለም።» የት ሄደ? መቼ ይመጣል? አይታወቅም። ጸሐፊዋም አታውቅም፣ ኃላፊውም አያውቅም። ሲስተሙ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሲመጣ እናንተ ምሳ ሄዳችኋል። ቀነ ገደቡ ግን ምሳ አይሄድም፤ ካለፈ መቀጫና ወለድ አለ። የነጋዴው ማሽን የቆመበት ደቂቃ ይጠየቅበታል፤ የመንግሥቱ ማሽን የቆመበት ሳምንት ግን ጠያቂ የለውም። ከዚህ በኋላ ለነጋዴ ስለ ታማኝነት መስበክ ከባድ ነው።

በድሮ ጊዜ ነገሩ ቀላል ነበር። በአሚሮቹ ዘመን ጁገል አምስት በር ነበረው፤ ዕቃ ይዞ የሚገባ ሁሉ በአንዱ ያልፋል። ማታ በሮቹ ይዘጋሉ፣ ቁልፎቹም ወደ አሚሩ ይሄዳሉ። በታኅሣሥ 1847 ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እንኳ መጀመሪያ በሩ ላይ መጠበቅ ነበረበት። ቀረጥ ሰብሳቢ በሩ ላይ መቀመጥ ብቻ ይበቃው ነበር፤ ግመሉ በቀዳዳ አይሾልክም። ዛሬ ግብይቱ በሺህ ባንኮኒና በሺህ ስልክ ላይ ሆነ። መንግሥት በእያንዳንዱ ባንኮኒ ላይ ሰው ማስቀመጥ አይችልም። ባለሱቁም ከዙሁር በኋላ የለም። ማሽኑ አለ፤ ግን ካልተመታ ዲዳ ነው። አሁን ደግሞ በስልክና በኮምፒውተር የሚቆረጥ የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ እየመጣ ነው፤ እሱም ቢሆን ጣት ካልነካው አይናገርም። ታዲያ ግብይቱ ሲፈጸም ሁልጊዜ በቦታው የሚገኘው ማን ነው? ገዥው ነው። አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።

ይህን ቀድመው የገባቸው አገሮች አሉ። ታይዋን ከአውሮፓውያን 1951 ጀምሮ የእያንዳንዱን ደረሰኝ ቁጥር ሎተሪ አድርጋዋለች፤ በየሁለት ወሩ ዕጣ ይወጣል፣ ሕዝቡም ደረሰኙን እንደ ቅርስ ይጠብቃል። የድሬዳዋውን ታይዋን ገበያ ያልኩ መስሏችሁ የሳቃችሁ ካላችሁ የተናገርኩት ስለ ደሴቲቱ ነው። ሩዋንዳም በ2013 በእነሱ አቆጣጠር ማሽኑን አስገብታ ቆየችና በኋላ ደረሰኝ ለሚጠይቅ ሸማች ከከፈለው ቫት 10 በመቶውን መመለስ ጀመረች። እነዚህ አገሮች የደረሱበት ነገር ሀጂ ከበሩ ላይ የሰቀሉት ነው። ገዥው ደረሰኝ ከጠየቀ የእህት ልጅም፣ አጎትም፣ ገቢዎችም ሳይጣሉ ሒሳባቸው ይገጥማል።

ስለዚህ ፍርዴ አጭር ነው። ገቢዎች ሲስተሙ እንዳይጠፋ ያድርግ፤ ሲስተሙ በጠፋበት ቀን መቀጫ አይቁጠር፤ ለደረሰኝ ጠያቂውም አንዳች ነገር ያስብለት። ነጋዴው ያንን ማስታወቂያ ከጨርቅ ጥቅሉ ጀርባ ያውጣ። እናንተ ደግሞ «ያለ ደረሰኝ ይሻለኛል» ብላችሁ ያተረፋችሁ አይምሰላችሁ። ብዙው ሱቅ ዋጋ ሲጠራላችሁ ቫቱን አብሮ ደምሮ ነው። ከእንዲህ ያለው ሱቅ ደረሰኝ ሳትቀበሉ ከወጣችሁ ግብሩ አልቀረላችሁም፤ ከፍላችሁታል፤ የከፈላችሁት ግን ለመንግሥት ሳይሆን ለባለሱቁ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ደግሞ ለእህቱ ልጅ።